የብራዚሉ ተከላካይ ኒልተን ሳንቶስ

ስለ እግር ኳስ በሚወራበት ስፍራ ሁሉ ቶሎ የሚጠራው ግብ ያገባው ተጫዋች ስም ነው። በእኛም በትምህርት ቤቱ ሜዳ ቡድን ሲከፈል ኳስ እምብዛም የማይሆንለት ልጅ ወደ ኋላ ይላካል፤ «አንተ ተከላካይ ሁን» ማለት «ከመንገድ ዞር በል» ከማለት አይርቅም። ይህን አሳብ ያፈረሰ አንድ ሰው በብራዚል አገር ነበረ፤ ስሙም ኒልተን ሳንቶስ ይባላል። ታሪኩ የድል ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአጭሩ ባለፍሁት። ነገር ግን ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ያከራከረን አንድ ጉዳይ በውስጡ ስላለ፥ ከመሠረቱ ጀምሬ ልጽፈው ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒልተን ሳንቶስ ሜይ 16 ቀን 1925 በሪዮ ዴ ጃኔሮ፥ ጎቬርናዶር በምትባል ደሴት ተወለደ። በወጣትነቱ አጥቂ ነበር። በ1948 ቦታፎጎ ወደሚባለው የሪዮ ክለብ ሲገባ ግን ወደ ኋላ መልሰው የግራ ተከላካይ አደረጉት። ክለቡም በዚያው ዓመት የሪዮን ሻምፒዮና አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1964 ድረስ የሌላ ክለብ ማልያ ሳይለብስ ከ700 በላይ ጨዋታዎች ለቦታፎጎ ተጫውቷል። በዚያ ዘመን የኢጣልያ ክለቦች የደቡብ አሜሪካን ተጫዋቾች በገንዘብ እየሳቡ ይወስዱ እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የተከላካይ ሥራ ያን ጊዜ የተወሰነ ነበር። የክንፍ አጥቂውን ይጠብቃል፥ ኳሱን ይነጥቃል፥ ከዚያም ወደ ሩቅ ይለጋዋል፤ ኳሱ የት እንደሚወድቅ የሌላ ሰው ጭንቀት ነው። ኒልተን ሳንቶስ ግን የነጠቀውን ኳስ እንዲሁ መለጋት አይወድም ነበር። ቀና ብሎ እያየ ይዞት ይሄዳል፤ መንገድ ካገኘም መካከለኛውን መስመር አልፎ እስከ ባላጋራው በር ድረስ ይደርሳል። ይህ ለዛሬ ተመልካች ተራ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ትልቅ ድፍረት ነበር፤ ተከላካይ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ትቶት የሚሄደው ስፍራ ባዶ ይቀራልና። ስለ ጨዋታው የማያውቀው ነገር የለም ሲሉ «ኢንሳይክሎፔዲያ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

በ1949 ከብራዚል ቡድን ጋር የደቡብ አሜሪካን ሻምፒዮና አሸነፈ። በ1950 የዓለም ዋንጫ በገዛ አገሩ ሲደረግ በቡድኑ ውስጥ ተመዝግቦ ሳለ አንድ ጊዜም አልተሰለፈም። ጁላይ 16 ቀን በማራካና ስታዲየም ኡሩጓይ ብራዚልን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ለብራዚል እኩል መውጣት ይበቃት ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፥ በረኛው ባርቦሳ በዚያች ቀን ምክንያት ዕድሜ ልኩን ሲወቀስ ኖረ። በ1954 በስዊስ አገር በተደረገው ውድድር ኒልተን ሳንቶስ ተሰለፈ፤ ያኛው ግን የሚያኮራ አልነበረም። በበርን ከተማ ከሀንጋሪ ጋር ሲጫወቱ ጨዋታው ወደ ድብድብ ተለወጠና እርሱና ሀንጋሪያዊው ቦዢክ ተያይዘው ስለ ተደባደቡ እንግሊዛዊው ዳኛ ሁለቱንም ከሜዳ አስወጣቸው። ብራዚልም 4 ለ 2 ተሸነፈች።

ከዚህ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1953 የሆነውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ እኔ እንደሚመስለኝ የሰውዬው ትልቅነት የታየው በዋንጫ ቀን ሳይሆን በዚያ ተራ የልምምድ ቀን ነው። ፓው ግራንዴ ከምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ካለባት ትንሽ ከተማ አንድ እግሮቹ የተጣመሙ ወጣት ለመፈተን ወደ ቦታፎጎ መጣ። ስሙ ጋሪንቻ ነበር። የሚፈተነው በቀኝ ክንፍ ስለ ነበረ ፊት ለፊት የገጠመው የብራዚል ብሔራዊ ቡድን የግራ ተከላካይ ኒልተን ሳንቶስ ነው። እንደሚተረከው ከሆነ፥ እንግዳው ልጅ ኳሱን በታላቁ ተከላካይ በሁለት እግሮቹ መካከል አሾልኮ አለፈው።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ በሱ ቦታ ሆነህ አስብ። ሰው ሁሉ እያየ፥ ስሙን ማንም በማያውቀው ልጅ መታለፍ ነው። ብዙዎቻችን ብንሆን በሚቀጥለው ኳስ የልጁን ቁርጭምጭሚት እንመታ ነበር፤ ወይም «ዕድል ነው» ብለን እናጣጥለዋለን። ኒልተን ሳንቶስ ግን ልምምዱ ሲያልቅ ክለቡ ይህን ልጅ ሳይውል ሳያድር እንዲያስፈርመው ለመነ። ወደ ሌላ ክለብ ከሄደ በየጊዜው ሊገጥመው ነው፤ ከእርሱ ጋር ከሚገጥም አብሮት መጫወት እንደሚሻል አስረዳ። በምክሩ ጥቅም ነበረበት፤ እሱን አልክድም። ሆኖም ይህን ለማለት አስቀድሞ «ይህ ልጅ በልጦኛል» ማለት ያስፈልጋል። ጋሪንቻም የቦታፎጎ ሆነ።

በ1958 በስዊድን አገር የሆነው በብዙ መጻሕፍት የተጻፈ ስለ ሆነ ጥቂቱን ብቻ አነሣለሁ። ጁን 8 ቀን በኡዴቫላ ከተማ ብራዚል ከኦስትሪያ ጋር ስትጫወት ኒልተን ሳንቶስ ኳሱን ከራሱ ሜዳ ይዞ ተነሣ። አሠልጣኙ ፌኦላ ከዳር ሆኖ «ተመለስ! ተመለስ!» እያለ ይጮኽ ነበር ይባላል። ተከላካዩ ግን ዝም ብሎ ሄደ፥ ሄደና አገባ። የዚያን ጊዜ የአሠልጣኙ ጩኸት ወደ ምስጋና ተለወጠ። ጨዋታው 3 ለ 0 አለቀ።

ይህ እንዲያው ድፍረት ብቻ አልነበረም። የብራዚል ቡድን በዚያ ዓመት በኋላ አራት፥ በመካከል ሁለት፥ በፊት አራት ሆኖ ይሰለፍ ነበር፤ የግራ ክንፉ ዛጋሎ ግን እንደ ሌሎቹ አጥቂዎች ፊት ቆሞ ኳስ አይጠብቅም። ወደ ኋላ እየተመለሰ ባዶውን ስፍራ ይሸፍናል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የኒልተን ሳንቶስን ሩጫ የሚያመሰግን ሰው የዛጋሎንም ላብ ማስታወስ አለበት። በፍጻሜው ብራዚል ስዊድንን 5 ለ 2 አሸንፋ የመጀመሪያዋን ዋንጫ ስትወስድ ኒልተን ሳንቶስ 33 ዓመቱ፥ ፔሌ ደግሞ ገና 17 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወዳከራከረን ጉዳይ ልምጣ። በ1962 በቺሌ አገር በቪኛ ዴል ማር ከተማ ጁን 6 ቀን ብራዚልና እስፓኝ ተገናኙ። ፔሌ በቀደመው ጨዋታ ተጎድቶ ወጥቷል። እስፓኝ 1 ለ 0 እየመራች ሳለ እስፓኛዊው ኮላር ኳስ ይዞ ወደ ቅጣት ክልሉ ሲገባ ኒልተን ሳንቶስ ጠለፈው። ጥፋቱ የተፈጸመው በክልሉ ውስጥ ነበር። ተከላካዩ በዚያው ቅጽበት እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ፥ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፥ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ወጣ። ቺሌያዊው ዳኛ ሲደርስ ያየው ሰውዬውን ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ነው፤ ስለዚህ ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት ሲገባው ተራ ቅጣት ምት ሰጠ። ከዚያ ምት ፔይሮ የሚባለው እስፓኛዊ በመቀስ ምት ቢያገባ ዳኛው እርሱንም ሻረው። በመጨረሻ አማሪልዶ ሁለት ግብ አግብቶ ብራዚል 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ከዚያም ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ወሰደች።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ይህ ብልኅነት ነው ይላሉ፤ ዳኛ የሚከፈለው ለማየት ነው፥ ተጫዋችም ራሱን ሊከስ አይገደድም ብለው ይሟገታሉ። እኔ ግን አልተቀበልሁትም። እስፓኝ የሚገባትን አጣች፤ ያጣችውም በዳኛው ስሕተት ብቻ ሳይሆን ስሕተቱን ሆነ ብሎ ባዘጋጀ ሰው ነው። ይልቁንም የሚያስገርመኝ፥ ያው ሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በልምምድ ሜዳ መታለፉን በሰው ፊት የመሰከረ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ሽንፈቱን ገለጠ፤ በቪኛ ዴል ማር ግን በሁለት እርምጃ ሰወረው። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች እነዚያን ሁለት እርምጃዎች እየሳቁ ያወሳሉ። እኔ ግን ከሁለቱ ቀኖች አንዱን ምረጥ ብባል፥ ዋንጫ የሌለበትን እመርጣለሁ።

በዚያ ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ ብራዚል ቼኮስሎቫኪያን 3 ለ 1 ስታሸንፍ ከ11 ተሰላፊዎች 5ቱ የቦታፎጎ ነበሩ፤ ኒልተን ሳንቶስ፥ ዲዲ፥ ጋሪንቻ፥ አማሪልዶና ዛጋሎ። ኒልተን ሳንቶስ ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጫማውን ሰቀለ። ጋሪንቻ በመጠጥ ተጎድቶ በ1983 በ49 ዓመቱ ሲሞት፥ ያስቀጠረው ባላጋራው ግን ኖቬምበር 27 ቀን 2013 በ88 ዓመቱ እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ኖሯል።

በሪዮ ቦታፎጎ የሚጫወትበት ትልቅ ስታዲየም በ2007 የተሠራ ነው። በ2016 የኦሎምፒክ ሩጫዎች የተካሄዱት በዚያ ሲሆን፥ አገራችንም የምታውቀው ሜዳ ነው፤ አልማዝ አያና በ10,000 ሜትር 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ገብታ የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚያ ነው። ስታዲየሙ በይፋ በኒልተን ሳንቶስ ስም የተሰየመው በሚቀጥለው ዓመት በ2017 ነበር።