ግራና ቀኝ

«ስቴሪዮ» የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ ይምጣ እንጂ፣ ግብሩን የጎጃም ሊቃውንት ሬዲዮ ሳይፈለሰፍ ኖረውበታል ብል ደፋር አትበሉኝ።

በክብረ በዓል ሌሊት ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ብላችሁ ከገጠር አድባራት ወደ አንዱ ግቡ። የማኅሌቱ አገልጋዮች መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የመሪዎቻቸው ማዕረግ እንኳ ከአቋቋሙ የወጣ ነው፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ይባላሉ። አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይቀበለዋል። ከበሮው በመካከል ይመላለሳል፤ የምእመናን እልልታ ከኋላ ይመጣል። በክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱንና መቅደሱን የከበበ የውጭ ቀለበት ነውና፣ በመካከል የቆመ ሰው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይደርሰዋል። ትውፊት ዜማውን የሚሰጠው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ነው።

አውሮፓ ወደዚህ የደረሰው በሽቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ክሌማን አዴር የፓሪስን ኦፔራ በሁለት የስልክ መስመር ለሁለት ጆሮ አሰማ። በ1931 ደግሞ እንግሊዛዊው አለን ብሉምላይን የሁለት መስመር ድምፅ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሲኒማ ቤት ተቀምጦ፣ ተዋናዩ ከመጋረጃው ዳር ዳር ሲራመድ ድምፁ ግን ካንድ ቦታ አልነቃነቅ ብሎ አስከፍቶት ነበር ይባላል።

የቤት ስፒከር አቀማመጥም ከዚሁ ይወለዳል። ሁለቱ የፊት ስፒከሮችና የአድማጩ ወንበር ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ በእኔ ጠባብ ክፍል እያንዳንዱ ጎን 2 ሜትር ነው። ከፍታቸው ከጆሮ ትክክል ይሁን። ያን ጊዜ ከበሮው ምንም ስፒከር ከሌለበት ከመካከል ይሰማል። ለዙሪያ ድምፅ አንድ በፊት መካከል፣ ሁለት ደግሞ በግራና በቀኝ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከፊት መካከል 110 ዲግሪ ያህል ዞረው ይጨመራሉ። የፊቶቹ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። እኔ ማኅሌት ስሰማ ሁለቱን ብቻ እተዋለሁ፤ ለፊልም ሁሉንም እከፍታለሁ። (ክረምት ሲገባ የቆርቆሮው ጣራ የዙሪያውን ድምፅ በነፃ ያቀርባል።)

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በእጄ ያሉት የማኅሌት ካሴቶች በአንድ ማይክራፎን የተቀዱ ናቸው። ቀኝና ግራው በአንድ ቁና ተሰፍሯል፤ ማን አነሣ፣ ማን ተቀበለ፣ አይለይም። አምስት ስፒከር ቢደረደርላቸው ያንኑ አንድ ድምፅ አምስት ጊዜ ይደግሙታል እንጂ የጠፋውን ቦታ አይመልሱም። ለአቋቋም ተማሪ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ድምፁ የመጣበት ወገን ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነውና። ሊቃውንቱ ደግሞ እያረጁ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ የምትቀዱ ሁሉ፣ በሁለቱ ረድፍ መካከል ሁለት ማይክራፎን አቁሙ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይዙር። በልባሱም ላይ፣ ቀጂው ፊቱን ወደ መቅደስ አዙሮ እንደሆነ ወይም ጀርባውን ሰጥቶ እንደሆነ ጻፉበት።