ከፈውስ በኋላ፦ የሉኪሚያ ሕክምናና የሕፃናት አእምሮ አጭር ታሪክ

ከደብረ ብርሃን፣ ከደሴና ከዚያም ማዶ ለሚመጡ ብዙ መንገደኞች በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የላምበረት መናኸሪያ የአዲስ አበባ በር ነው። የሉኪሚያ ሕመምተኛ ልጅ ይዘው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚያመሩ ወላጆችም በዚሁ በር ያልፋሉ። በሕፃናት ላይ የሚበዛው የሉኪሚያ ዓይነት ከሁለት ዓመት በላይ ሕክምና ይፈልጋል። ድኖ ወደ ቀዬው የተመለሰ ልጅ ግን በክፍል ውስጥ ትኩረቱና ትውስታው እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው «ሰነፍ» ይለዋል። ይህ ጉዳት የታወቀበት ታሪክ ለዛሬው ክትትል ትምህርት ይሰጣል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1948 ሲድኒ ፋርበር አሚኖፕተሪን የተባለው መድኃኒት የሕፃናትን ሉኪሚያ ለጊዜው ጋብ እንደሚያደርግ ገለጸ። ይሁን እንጂ መድኃኒቶቹ ከደም ወደ አንጎል በበቂ ስለማይዘልቁ በሽታው በአንጎል ሽፋን ተሸሽጎ ያገረሽ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሜምፊስ ከተማ በሴንት ጁድ ሆስፒታል ዶናልድ ፒንከልና ባልደረቦቹ የጭንቅላት ጨረርን በህብለ ሠረሰር ፈሳሽ ውስጥ ከሚሰጥ ሜቶትሬክሴት ጋር አጣመሩ፤ ከሕፃናቱም ግማሽ ያህሉ ለረጅም ጊዜ ኖሩ።

ጉዳቱን የገለጠው ይኸው ድል ነው። የዳኑት ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲገቡ ብዙዎቹ በሒሳብ፣ በትኩረትና በትውስታ ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ በለጋ ዕድሜ ጨረር የወሰዱት ይበልጥ ተጎዱ። ስለዚህም የጨረሩ መጠን ከ24 ወደ 18 ግሬይ ወረደ። በ2009 የታተመው የሴንት ጁድ ጥናት ደግሞ 498 ሕፃናት ያለ መከላከያ ጨረር ታክመው ከመቶ 93.5 ያህሉ አምስት ዓመት በሕይወት እንደሚቆዩ አሳየ። ሜቶትሬክሴትም ትኩረትንና የአስተሳሰብ ፍጥነትን ሊጎዳ ስለሚችል ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የተጎዳውን መጠገን ነበር። በ2015 ሄዘር ኮንክሊንና ባልደረቦቿ ከሉኪሚያና ከአንጎል ዕጢ የዳኑ 68 ልጆችን አጠኑ። ኮግሜድ በተባለው የኮምፒውተር ልምምድ በቤታቸው የሠለጠኑት ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ይልቅ በትውስታና በትኩረት ተሻሻሉ። አሠልጣኝም በስልክ ይከታተላቸው ነበር። በአንጻሩ በ2016 ሉሞሲቲ የተባለው የአእምሮ ጨዋታ ድርጅት ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቁ ተከሶ በአሜሪካ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ ጨዋታ ሁሉ ሕክምና አይደለም።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ1997 ነው። በ2004 በሉኪሚያ ላረፈ ሕፃን መታሰቢያ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ተቋቋመ። ከ2010ዎቹ ወዲህም የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች በሀገር ውስጥ መሠልጠን ጀምረዋል። የሚድኑት በበዙ ቁጥር ሌላው ዓለም ዘግይቶ ያነሣውን ጥያቄ እዚህ አስቀድሞ ማንሣት ይቻላል።

ኮምፒውተርና ኢንተርኔት በሌለበት ቤትም የሚሠራ አለ። በየቀጠሮው የልጁን ትምህርት መጠየቅ፣ ወላጆችን አስቀድሞ ማስረዳት፣ ከፊት እንዲቀመጥና በፈተና ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው ለመምህሩ ደብዳቤ መጻፍ ከማንኛውም የጤና ባለሙያ አቅም በላይ አይደለም። ያ ደብዳቤ ከላምበረት ተሳፍሮ ለሚመለሰው ልጅ ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልገዋል።