ባለተሳቢ የቆርቆሮ መኪና
የዘይት ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ የነጠላ ጫማ ሶል፣ እንጨት
የአዋሽ–ሰመራ መንገድ፣ አፋር

አዋሽ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የጅቡቲ ባቡር ያደገች ከተማ ናት። ዛሬ ከአዋሽ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ጋላፊ ድንበር በሚደርሰው አስፋልት ባለተሳቢ መኪኖች ቀን ከሌት ወደ ጅቡቲ ወደብ ይመላለሳሉ። በመንገዱ ዳር ያሉ ልጆች ያዩትን መኪና ከተጣለ ዕቃ ይሠሩታል። ቆርቆሮው ተቀድዶ ጋቢናና የጭነት ሣጥን ይሆናል። ጎማውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፦ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በክብ የተቆረጠ ነው፤ መሃሉን በጋለ ምስማር በስተው ሽቦ አሳልፈውበታል። ረጅሙ እንጨት መሪው ነው፤ ልጁ ሳይጎነበስ እየሮጠ ይነዳበታል። ታላቅ ለታናሹ በእጁ ሠርቶ የሚሰጠው፣ ገንዘብ የማይገዛው ስጦታ ይህ ነው።