ሐዲስ ዓለማየሁ

ሐዲስ ዓለማየሁ (1902 – ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ አርበኛ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ከተጻፉት የፍቅር ታሪኮች ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሲሆን፣ በሬዲዮ ከተተረከ በኋላ ማንበብ በማይችለው ሕዝብ ዘንድም ገብቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሐዲስ በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶደም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ነበሩ። እንደ ዘመኑ ልማድ መጀመሪያ የተማሩት የቤተ ክህነት ትምህርት ነው፤ ለዚህም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተዘዋውረዋል። በኋላ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። ከዚያም ወደ ጎጃም ተመልሰው አስተማሩ። የቅኔው፣ የደብሩና የባላባቱ ቤት ዓለም ከብዙ ዓመታት በኋላ በልብ ወለዳቸው ውስጥ የሚታየው፣ ደራሲው ራሳቸው ያደጉበት ስለ ነበረ ነው።

ጦርነትና ግዞት

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ሐዲስ ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ዘመቱ። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ እጃቸውን ለመስጠት ሲገደዱ እርሳቸውም ተማረኩ፤ ወደ ኢጣሊያም ተወስደው ለዓመታት በግዞት ቆዩ። ነፃ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ኢጣሊያ ከገባ በኋላ ነው። ይህን ዘመን በ1985 ዓ.ም. ባሳተሙት «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል።

የመንግሥት ሥራ

ከግዞት ሲመለሱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመደቡ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆነው ሠርተዋል፤ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ኢትዮጵያን ወክለዋል። የትምህርት ሚኒስትር፣ በእንግሊዝ አምባሳደር፣ እንዲሁም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ስለዚህ ድርሰት ለሐዲስ መተዳደሪያ አልነበረም፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው ደራሲው ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ ካለፉ በኋላ፣ በከፍተኛ ሹመት ላይ ሳሉ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብር

ከ500 በላይ ገጾች ያሉት ይህ ልብ ወለድ ታሪኩ በአመዛኙ የሚፈጸመው በጎጃም፣ በዲማ አካባቢ ነው። ዋና ባለታሪኮቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው። በዛብህ የድኻ ገበሬዎች፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ስለ ሰጡት ትዳር እንዳይዝ ታስቦ አድጓል። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩአይነት ልጅ ናት። ፊታውራሪ ለልጃቸው የሚመጣውን ባል ሁሉ «በዘር አይመጥነንም» በማለት ስለሚመልሱ፣ ሰብለ ያለ ትዳር ትቆያለች።

ሁለቱ የሚገናኙት በዛብህ ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምራት ወደ ፊታውራሪ ቤት ሲጠራ ነው። ፍቅራቸው ሲታወቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሰብለም በኋላ እርሱን ፍለጋ ከቤቷ ትጠፋለች። በመንገድ ላይ ታገኘዋለች፤ ነገር ግን የምታገኘው ሊሞት በተቃረበበት ሰዓት ነው። የመጽሐፉ ርዕስም ፍጻሜውን አስቀድሞ ይናገራል።

ልብ ወለዱ ግን የሁለት ወጣቶች ታሪክ ብቻ አይደለም። ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው አንድ ክፉ ሰው ሳይሆን፣ ሰውን በትውልዱ የሚመዝን ሥርዓት ነው። ይህንን ሥርዓት በግልጽ የሚተቸው የፊታውራሪ ቤተ ዘመድ የሆነው ካሣ ነው፤ ልማዱን ስለሚነቅፍ እንደ እብድ ተቆጥሮ «ጉዱ ካሣ» ይባላል። በሌላ በኩል ገበሬዎቹ ፊታውራሪ የሚጠይቁትን ተጨማሪ ግብር አንሰጥም ብለው ይነሣሉ። መጽሐፉ የታተመው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ በወጡ ማግሥት፣ አብዮቱ ከመፈንዳቱም ስምንት ዓመት በፊት ነበር። በዚህ የተነሣ ስለ ባላባታዊው ሥርዓት በቀጥታ ሊነገር የሚያስቸግረውን ነገር አንባቢ በፍቅር ታሪክ መልክ አገኘው። ሰብለና በዛብህ ለምን እንዳልተጋቡ የጠየቀ ሁሉ መልሱን የሚያገኘው ከመሬት ይዞታ፣ ከግብርና ከዘር ቆጠራ ነው።

በሬዲዮ

ለመጽሐፉ ዝና ትልቅ ድርሻ ያለው በኢትዮጵያ ሬዲዮ መተረኩ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በተከታታይ አንብቦታል። ድምፁን እንደየባለታሪኩ እየለዋወጠ ስለ ተረከው፣ ብዙ ሰው ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሣን የሚያስታውሳቸው በእርሱ ድምፅ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አድማጮችም ታሪኩን ከአንባቢው እኩል ሊያውቁት ቻሉ።

ሌሎች ሥራዎች

ሐዲስ ከዚህ በፊት በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን የተረት መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ ሁለት ልብ ወለዶች ጽፈዋል፦ «ወንጀለኛው ዳኛ» (1974 ዓ.ም.) እና «የልምዣት» (1980 ዓ.ም.)። ሁለቱም የመጀመሪያውን ያህል አልገነኑም።

ቦታቸው በሥነ ጽሑፍ

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (በኋላ «ጦቢያ» የተባለው) ሲሆን፣ እርሱም በጋብቻ ይፈጸማል። ሐዲስ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ሲጽፉ ፍቅረኞቹን ወደ መቃብር መሩ። በሌላው ዓለም በሰፊው የሚሸጠው የፍቅር ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ በደስታ የሚያልቅና ደራሲዋ ቶሎ ቶሎ የምታሳትመው ነው፤ እንግሊዛዊቷ ባርባራ ካርትላንድ ከ700 በላይ መጻሕፍት ጽፋለች። የሐዲስ ዝና ግን በዋናነት የቆመው በአንድ መጽሐፍ ላይ፣ ያውም በሞት በሚያልቅ ታሪክ ላይ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በሲሳይ አየነው ተርጓሚነት ለእንግሊዝኛ አንባቢም ቀርቧል። በአገር ውስጥ እስካሁን በተደጋጋሚ ይታተማል፤ በአዲስ አበባ ከፒያሳ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም መጽሐፍ አዟሪዎች ከአዳዲሶቹ ጋር ይዘውት ይታያሉ። «ጉዱ ካሣ» የሚለው ስምም ከመጽሐፉ ወጥቶ፣ ሌላው ዝም ያለውን ነገር ለሚናገርና ለዚህም እንደ ጉድ ለሚታይ ሰው መጠሪያ ሆኗል።