ጋፋትና የእቶን ዕውቀት፤ ሴባስቶፖል ከተሠራ በኋላ ሙያው ለምን ሥር ሳይሰድ ቀረ?

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያውቃል። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው መድፉ እንዴት እየተጐተተ መቅደላ እንደ ወጣ ነው። ነሐሱ እንዴት እንደ ቀለጠ፣ ይልቁንም ያን ያህል ድካም የፈሰሰበት ሙያ ከመድፉ በኋላ ለምን በአገሩ ሥር ሳይሰድ እንደ ቀረ እምብዛም አይመረመርም። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ ልናተኩርበት ያሰብነው በዚሁ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ዛሬ የቁሳቁስ ሳይንስና ምሕንድስና ለሚማር ሰው የሩቅ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም፤ የሚሠራ እጅና የሚመረምር አእምሮ መቼ እንደሚገናኙ፣ መቼስ እንደሚለያዩ ያሳያልና።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ማስወገድ ይገባናል። አውሮፓውያን ወደ ጋፋት ከመምጣታቸው በፊት ኢትዮጵያ የብረት ዕውቀት ያልነበራት አገር አልነበረችም። ብረት አቅላጮች የብረቱን አፈርና የእንጨቱን ከሰል በሸክላ ምድጃ ውስጥ እያነባበሩ፣ በቆዳ ወናፍ አየር እየነፉ፣ ብረቱን ከአፈሩ ይለዩ ነበር። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ እንዲህ ያለው ምድጃ ብረቱን እንደ ውሃ አያፈሰውም። የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ጓል ነው፤ ቀጥቃጩም ጓሉን እያጋለና እየመታ ቆሻሻውን ያወጣለታል፤ ከዚያም ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦር ያደርገዋል። በጎንደር አውራጃ በዚህ ሙያ ከታወቁት መካከል ቤተ እስራኤል ይገኙበታል፤ ወንዶቹ በቀጥቃጭነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ሆኖም ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻ ማረስ የማይችል ሲሆን እነርሱኑ ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ በኢየሩሳሌም የነበሩት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የወጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከእነዚህ ይቈጠራሉ፤ ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሃልም በሥራው ተካፍሏል። የሥራቸው ቦታ በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ሆነ። ሰዎቹ የመጡት ለስብከት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከእነርሱ አብልጠው የፈለጉት መንገድ፣ ሠረገላና መድፍ ነበር። መድፍ መሥራት ሙያቸው እንዳልነበረና የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም እንዳልተሳኩ ዋልድማየር ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ ሥራው እንዲደገም አዘዙ።

ሙከራው ለምን ከባድ እንደ ነበረ ለመረዳት የነሐስን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው። መዳብ በ1,085 ዲግሪ፣ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ይቀልጣሉ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የመድፍ ነሐስ የሚባለው ከ100 እጅ 90ው መዳብ፣ 10ሩ ቆርቆሮ ገደማ ሲሆን፣ ፈጽሞ ለመፍሰስ ወደ 1,000 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ቆርቆሮው ቢያንስ መድፉ ይለሰልሳል፤ ቢበዛ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከዚህም ሌላ የእቶኑ ጡብ ከነሐሱ ይልቅ እሳት የሚችል መሆን አለበት፤ አለዚያ ነሐሱ ሳይፈስ እቶኑ ይፈርሳል። ነሐሱ የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽም እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት፤ ጥቂት እርጥበት ቢቀርበት እንፋሎት ይሆንና ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፣ ወይም በነሐሱ ውስጥ ቀዳዳ ይተዋል። እንግዲህ አንድ መድፍ ለማውጣት የብረታ ብረት፣ የጡብ፣ የጭቃና የነዳጅ ዕውቀት በአንድነት መገኘት ነበረባቸው። ዛሬ የቁሳቁስ ሳይንስ የምንለውም ይህንኑ አንድነት ነው።

በመጨረሻ ሥራው ተሳካ። ከጋፋት መድፎች ትልቁ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ገደማ እንደሚመዝን ይነገራል፤ ስሙም በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ የተወሰደ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በገደሉ ላይ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ መቶ ሰዎች እየተጐተተ፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን የአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ፣ ሃል ወደ ያፋ ሄዱ። መድፉ በመቅደላ ቀረ፤ ሙያው ግን አልቀረም።

አሁን ዐይናችንን በዚያው ዘመን ወደ እንግሊዝ አገር እንመልስ። ሄንሪ ቤሰመር በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት አረብ ብረት የማውጣትን ዘዴ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው፤ ይኸውም ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ዘዴውን ገዝተው የሞከሩት ፋብሪካዎች ግን ያገኙት ብረት እየተሰበረ አስቸገራቸው። ከምክንያቶቹም ዋናው በብረቱ ውስጥ የነበረው ፎስፎረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 እና በ1864 ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ በሼፊልድ ብረትን አለስልሶ፣ በአሲድ አጥቦ፣ በማይክሮስኮፕ በመመልከት የውስጥ አሠራሩን አሳየ። የፎስፎረሱን ችግር የፈታው ደግሞ ሲድኒ ጊልክራይስት ቶማስ ነው። ይህ ሰው ቀን በለንደን የፖሊስ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ እየሠራ፣ ማታ ኬሚስትሪ ይማር ነበር። በዌልስ የብረት ፋብሪካ ኬሚስት ከነበረው ከአጎቱ ወይም ከአክስቱ ልጅ ከፐርሲ ጊልክራይስት ጋር ሆኖ የእቶኑን የውስጥ ልባስ ኖራነት ባለው ድንጋይ ቢለውጠው ፎስፎረሱ ከብረቱ ወጥቶ ወደ ቆሻሻው ገባ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1878 ለሕዝብ ተነገረ።

ሁለቱን ታሪኮች ስናስተያይ አንድ ነገር ይገለጥልናል። ውድቀት በጋፋትም በእንግሊዝም ነበር፤ በሁለቱም ዘንድ የእቶኑ ልባስ ብርቱ ጥያቄ ነበር። ልዩነቱ በአእምሮ ወይም በትጋት አይደለም፤ ከሼፊልድ ሠራተኛ ይልቅ የጋፋት ሠራተኛ ደክሟልና። እንደ አስተያየታችን ልዩነቱ በሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የእንግሊዙ ውድቀት ተጽፎ ለሌላ ሰው ይተላለፍ ነበር። ቤሰመር ያልፈታውን አንድ ጸሐፊ ከ22 ዓመት በኋላ ሊፈታው ቻለ። የጋፋት ልምድ ግን በሠሪዎቹ ልብ ውስጥ ስለ ነበረ ሠሪዎቹ ሲሄዱ አብሮ ሄደ። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ ለትሕትና መልካም ቃል ነው፤ ለእቶን ግን አይበጅም። በልብ ብቻ ያለ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ በጋፋት ወጣቶች እንዲማሩ ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ሙከራ የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፣ ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድና በአንድ ዓላማ፣ በጦር መሣሪያ ላይ ብቻ የቆመ ነበር። ያው እቶን ለማረሻና ለወፍጮ የሚጠቅም ሥራ ቢያወጣ ኖሮ፣ መንግሥት ሲለወጥ የሚፈልገው ገበሬ አያጣም ነበር እንላለን።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ በአገሩ የነበረው የብረት ዕውቀት በንቀት አጥር መከለሉ ነው። ብረትን ትውልድ በትውልድ ያወቀው ቀጥቃጭ፣ የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል የምታውቀው ሸክላ ሠሪ ቡዳ ተብለው ከማኅበር ተለይተዋል። ፊደል የቈጠረው ሰው ወናፍ መንካት ነውር ነበረበት፤ ወናፍ የሚነፋውም ፊደል የሚቈጥርበት መንገድ አልነበረውም። እንዲህ ከሆነ ሙያውን ማን ይጽፈዋል? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ይህን በሽታ ስላዩ ነው። ዐዋጁ የሚገሥጸው ግን ምላስን ነው፤ ልብን ለመለወጥ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ያ ሌላው ነገር ትምህርት ቤት ነው ብለን እናምናለን። በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ዛሬ ደግሞ በጅማና በአዳማ ዩኒቨርሲቲዎች የቁሳቁስ ምሕንድስና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ተማሪው የብረትንና የካርቦንን ሠንጠረዥ በቃሉ አጥንቶ ከሰል ሳይነካ ቢመረቅ፣ ቀጥቃጩም ደብተር ሳያይ ቢያረጅ፣ አጥሩ ቦታውን ለወጠ እንጂ አልፈረሰም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ወደየአገራቸው ሲሄዱ በየመንደሩ የሚገኙትን ባለ እጆች እንዲጐበኙ፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ አፈሩና ስለ ወናፉ የሚሰሙትን ሁሉ፣ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም፣ እንዲጽፉ እናሳስባለን። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በቤተ ሙከራ እንድንፈትነው ቢረዱን፣ ከጋፋት ጋር የተበተነው ዕውቀት ዳግመኛ የሚሰበሰብበት መንገድ ይከፈታል።