ዜና ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም

እንግሊዞች ሱዳንን በሚገዙበት ዘመን ከመምህራን ቤት ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም የምትባል ልጅ ተነሣች። በኦምዱርማን የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች፣ እንግሊዛዊቷ ርእሰ መምህርት የሳይንስ ትምህርት ቀርቶ የቤት አያያዝ ይሰጥ ብትል፣ ፋጢማ ተማሪዎቹን አስተባብራ አድማ መታች። ትምህርቱም ተመለሰ።

በ1952 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከጓደኞቿ ጋር የሱዳን ሴቶች ኅብረትን መሠረተች፤ በ1955 «ሰውት አል-መርአ» የተባለውን የሴቶች መጽሔት ማዘጋጀት ያዘች። ያን ጊዜ ሴት ሠራተኛ ከወንድ ባልደረባዋ ያነሰ ይከፈላት ነበር፤ ስታገባም ቋሚ ቅጥሯ ይፈርስና ከወር ወደ ወር በሚታደስ ውል ትሠራ ነበር። ከባሏ ቤት የሸሸችውን ሚስት ፖሊስ አስገድዶ ይመልሳት ነበር። ፋጢማና ኅብረቷ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ተሟገቱ፤ ከቁርአንም እየጠቀሱ ነው የተሟገቱት፤ ብርታታቸውም ከዚህ ነበር።

በጥቅምት 1964 ሕዝቡ ጄኔራል አቡድን ከሥልጣን አወረደ። ሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ፣ በማግሥቱ ዓመትም ፋጢማ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነች። በ1968 ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ተፈቀደ።

ከዚህም በኋላ መከራ መጣ። በሐምሌ 1971 የአገሪቱ ገዥ ኒሜሪ የሠራተኛ ማኅበራት መሪ የነበረውን ባሏን አል-ሻፊእ አሕመድ አል-ሼኽን በስቅላት ገደለ፤ እርሷንም በቤቷ አሰራት። በ1990 ወደ ለንደን ተሰደደች፤ በ1993 የሱዳን ሴቶች ኅብረት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ሽልማት ተሰጠው። በነሐሴ 2017 ለንደን ውስጥ ዐርፋ አስከሬኗ ኦምዱርማን ሲገባ፣ ለቀብር የመጡትን የመንግሥት ሹማምንት ለቀስተኛው አባረራቸው።

የ1968ቱ መብት ግን ስሟ በደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሴትን ፈለገ። ለምሳሌ በምሥራቅ ሱዳን ያለው ገዳሪፍ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ አጨዳ ሲደርስ ብዙ ሐበሻ ከመተማ በገላባት በኩል ይሻገራል። ማሳ ላይ የምትውለው የቀን ሠራተኛ፣ ገበያ ዳር ቡናና ሻይ የምታፈላው ሱዳናዊት ወይም ስደተኛ ሐበሻ በየትኛው መዝገብ ትገኛለች? በፕሬዚዳንት አልበሽር ዘመን ሻይ ሻጮች «የሕዝብ ሥርዓት» በተባለው ሕግ ዕቃቸው ሲወረስ፣ ሲቀጡ ኖረዋል። ሕጉ የተሻረው አልበሽርን ካወረደው አብዮት በኋላ፣ በኅዳር 2019 ነው።

በሚያዝያ 2023 የተጀመረው ጦርነት አብቅቶ ሱዳን ዳግም ሕግ ስታወጣ፣ አጫጇንና ሻይ ሻጯን በስም ትጥራቸው።