ሠራዊቱን ማን ያበላው ነበር?

የጦርነት ታሪክ ሲተረክ ንጉሡ ይነሣሉ፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ ጦሩ ይዘምታል። ያ ሁሉ ሰው በየመንገዱ ምን በላ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከጠየቁት አንዱ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ኮልክ ናቸው።

ኮልክ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምረዋል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት በታተመው የዲፕሎማሲ ታሪክ መጽሐፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ጠመንጃና ስለ መሳፍንት ሥልጣን ጽፈዋል። የሚያስደነግጠው ግን የ1978ቱ ጽሑፍ ነው። ከ1850 ገደማ እስከ 1935 የነበረውን የወታደርና የገበሬ ግንኙነት ሲመረምር፣ ገና በርዕሱ ሠራዊቱን ነጣቂ አውሬ ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አብዛኛው ወታደር ቋሚ ደመወዝ የለውም። ገበሬ ቤት ይመራል፤ ተሰሪ ይባላል። ገበሬው እሱን ያበላል፣ ያጠጣል፣ በቅሎውን ይቀልባል። ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ ጦሩ ያለፈበት አገር ሁሉ ስንቅ ነው፤ የወዳጅ ይሁን የጠላት ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

ለባሕር ዳር ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው። በ1858 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ከጣና ዳር ዘጌ ሰፍረው ነበር። የሚነገረው የእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳም እዚያ መያዙ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ውስጥ ኮሌራ ገባና ጦሩ ወደ ቆራጣ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ተጓዘ። ያን ሁሉ ሠራዊት የተሸከመው የዘጌና የቆራጣ ባላገር ግን በትረካው ውስጥ እምብዛም አይነሣም።

የሚያሳዝነው፣ ለወታደር ደመወዝ ከፍሎ ዝርፊያን ማስቀረት የቴዎድሮስ የራሳቸው ሐሳብ ነበር። አገሩ ሲሸፍትባቸው ግብሩም ነጠፈ። በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሏት። ጎጃምም በ1881 ዓ.ም ከዐፄ ዮሐንስ ጦር የደረሰባትን አትረሳም።

የኮልክ ቃል ይከብዳል የሚል ሊኖር ይችላል። ወታደሩም የገበሬ ልጅ ነው፤ ርቦት ነው የሚወስደው። እውነት ነው። በዓድዋ ዋዜማ እንኳ የምኒልክ ጦር ስንቁ ተሟጦ ሊበተን ደርሶ ነበር። ግን የወታደሩ ረሃብ የገበሬውን ጎተራ አልሞላም።

እ.ኤ.አ. በ1892 ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ አሥራት ሰጥቶ ቤቱ ከተሰሪ እንዲያርፍ ደነገጉ። አዋጁ የወጣው በክፉ ቀን ማብቂያ ላይ ነው፤ ብዙው ገበሬ በሬው አልቆ፣ የሚያርስበት ባጣበት ሰዓት።